የጄላቲን ህትመት፦ ቀለሙ ሰሌዳው ላይ ይቀራል፣ ወረቀቱ ባዶውን ይወጣል

አዲስ_አታሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ በጄላቲን ሰሌዳ ሞኖፕሪንት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቅጂ ለየብቻው የሚለይ ህትመት፣ መሥራት ጀምሬያለሁ። ማተሚያ ማሽን አያስፈልግም፣ እጅ ብቻ ይበቃል ሲባል ሰምቼ ነው የገባሁበት። ሰሌዳውን ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ጄላቲንና ውሃ ብቻ ነው ያለበት። ቆንጆ ሆኖ ረግቷል፣ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል።

ችግሩ ህትመቱ ላይ ነው። አክሪሊክ ቀለም በሮለር እቀባለሁ፣ ቅጠል አስቀምጣለሁ፣ ወረቀት ጭኜ በመዳፌ እዳብሰዋለሁ። ወረቀቱን ሳነሳው ግማሹ ባዶ ነው። ቀለሙ ሰሌዳው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ቀለም ስጨምር ደግሞ ጠርዙ ላይ ይጨማለቅና የቅጠሉ ቅርጽ ይጠፋል። ሰሌዳው ነው? ቀለሙ ነው? ወረቀቱ ነው? ደግሞስ ይሄ ጄላቲን ሲሰነብት ሻጋታ አይዘውም?

ቅጠልና_ቀለም፦

ሰላም እህቴ። ሰሌዳሽን አትውቀሺው። አንቺ እንደገለጽሽው ከሆነ ነገሩ ያለው ቀለሙና ሰዓቱ ላይ ነው።

አክሪሊክ የሚደርቀው ውስጡ ያለው ውሃ ሲተን ነው። ስስ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። ክፍሉ ከሞቀ ወይም በመስኮት ነፋስ ከገባ ቅጠሏን ወዲህ ወዲያ ስታደርጊ ብቻ አለቀልሽ። ስለዚህ ቀለም ሰሌዳውን ሳይነካ በፊት ሁሉም ነገር አጠገብሽ ይሁን። ቅጠሉ የተመረጠ፣ ወረቀቱ የተቆረጠ፣ እጅሽ የተጠረገ። ከዚያ ቀቢ፣ አስቀምጪ፣ ጫኚ፣ ዳብሺ፣ አንሺ። መሀል ላይ ስልክ አይነሳም።

ስለ መጠኑ፣ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰሌዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀለም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሮለሩን ሳታነሺ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ አታመላልሺው፤ ያነሳውን ቀለም እዚያው መልሶ ነው የሚጥለው። ቁልቁል ሂጂ፣ ብድግ አድርጊው፣ ከዚያ አግድም። ጆሮሽንም ተጠቀሚ። ቀለሙ ሲበዛ ሮለሩ እርጥብ ድምፅ እያሰማ ይንሸራተታል። ሲስተካከል ድምፁ ይሳሳል፣ ሹክሹክታ ነገር ይሆናል። ያኔ ወረቀትሽን ጫኚ።

ጠርዙ ላይ የሚጨማለቀው ትርፍ ቀለም ነው። መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው ያለብሽ።

ሁሌ_እርጥብ፦

ቅጠልና ያለው ልክ ነው፣ ግን ሰውን ለምን ታሯሯጣለህ? ቀለሙን ማዘግየት ይቻላል እኮ።

አክሪሊክን የሚያዘገይ ፈሳሽ አለ፣ ሪታርደር ይሉታል። ጥቂት ጠብታ ከቀለሙ ጋር አዋህጂ። አታብዢው፤ ከበዛ ህትመቱ ወረቀት ላይም አልደርቅ ብሎ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከጅምሩ በዝግታ እንዲደርቅ ተብሎ የተሠራ አክሪሊክም አለ።

ሌላው መንገድ የማተሚያ ቀለም ነው። ለሊኖ ቅርጽ (ሊኖሊየም ንጣፍ ላይ ተቀርጾ ለሚታተም ሥራ) የሚሸጠው በውሃ የሚሟሟው ዓይነት ከአክሪሊክ የተሻለ ጊዜ ይሰጣል። ጣጣው ከደረቀ በኋላም በውሃ መልሶ መሟሟቱ ነው። በላዩ ሌላ እርጥብ ቀለም ስታትሚ የታችኛው ይነሳና ይደፈርሳል። እኔ የምሠራው ከአኩሪ አተር ዘይት በሚዘጋጀው ነው። ሰሌዳው ላይ ሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል። የሚደርቀው ወረቀቱ ሲመጠው ስለሆነ ወረቀትሽ መጣጭ መሆን አለበት። በዘይት ጨርቅ ይጠረጋል፣ ከዚያ ትንሽ ሳሙና።

ቅጠልና_ቀለም፦

ሁሌ፣ ለጀማሪ አክሪሊክ ይሻላል ባይ ነኝ። ርካሽ ነው፣ የትም አለ፣ ሲደርቅ ደግሞ ውሃ አይነካውም። ሽፋን በሽፋን መደራረብ የሚቻለው በእሱ ነው። ፍጥነቱን እንደ ጠላት አትዩት።

የደረቀው ቀለም ራሱ ጥቅም አለው። አዲስ፣ ሰሌዳው ላይ ደርቆ የቀረውን አትፋቂው። በላዩ ላይ ነጣ ያለ ቀለም ስስ አድርገሽ ቀቢ፣ ወረቀት ጫኚና ለጥቂት ደቂቃ ተዪው። እርጥቡ አክሪሊክ ደረቁን ይይዘዋል፣ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ይወጣሉ። ሆን ብለሽ ልትቀቢው የማትችዪው ዓይነት መደብ ነው የሚሰጥሽ። አንዳንዶቻችን ለእሱ ብለን ነው ቀለም የምናደርቀው።

የድሮ_ሰው፦

ልጄ፣ የሻጋታውን ጥያቄ ሁሉም ዘለለብሽ።

አዎ፣ ይሻግታል። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ከውሃ ጋር ሲሆን ለሻጋታ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። የውሃው ሰሌዳ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ገደማ ቢቆይልሽ ነው። ሳይሸፈን ከተቀመጠ ደግሞ ጠርዙ እየደረቀ ይጠቀለላል።

መድኃኒቱ ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ሻጋታም አይመቸውም። እኔ ለ23 በ33 ሴንቲ ሜትር ትሪ የምለካው 85 ግራም ጄላቲን፣ 360 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ 360 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይሰጣል። ጄላቲኑ ጣዕምም ስኳርም የሌለው ዱቄት ይሁን። ግሊሰሪኑን ከግማሹ ውሃ ጋር፣ ያውም ቀዝቃዛ፣ ቀላቅዪና ጄላቲኑን ነስንሺበት። 10 ደቂቃ ተዪው፣ ይጠጣና ያብጣል። ቀሪውን ውሃ አሙቀሽ ጨምሪና እስኪጠራ ቀስ ብለሽ አማስዪ። እንዳይፈላ! ፈልቶ የቆየ ጄላቲን የመርጋት ጉልበቱ ይቀንሳል።

ይህ ሰሌዳ ክፍል ውስጥ ያለ ፍሪጅ ይቀመጣል። ሲቆሳሰል ቆራርጠሽ አቅልጪው፣ መልሰሽ አፍሺው፣ አዲስ ይሆናል። በማይክሮዌቭ ከሆነ በ30 ሰከንድ በ30 ሰከንድ እያየሽ።

ፈጠራው የእኛ አይምሰልሽ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶች ጽሑፍ የሚያባዙበት ሄክቶግራፍ የሚባል ነገር ነበር። እሱም ትሪ ላይ የረጋ ጄላቲንና ግሊሰሪን ነው። በአኒሊን ቀለም የተጻፈውን ወረቀት ፊቱን ደፍተው ይጭኑበታል፣ ጄላቲኑ ቀለሙን ይመጠዋል። ከዚያ ባዶ ወረቀት እያከታተሉ ቅጂ ያወጣሉ፤ እየደበዘዘ እየደበዘዘ ይሄዳል። እኛ ያንኑ ትሪ ለሥዕል አዋልነው ማለት ነው።

አዲስ_አታሚ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ! አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የእኔ ሰሌዳ ላይ ትናንሽ የአየር አረፋዎች ረግተው ቀርተዋል። እያንዳንዱ ህትመት ላይ ነጭ ክብ ሆነው ይወጣሉ። እንዴት ነው የሚያጠፏቸው?

የድሮ_ሰው፦

ስታማስዪ በማንኪያ እንጂ በመምቻ አትምቺው። ካፈሰስሽው በኋላ ደግሞ ሳይረጋ ፈጥነሽ የጋዜጣ ቁራጭ ወረቀት በላዩ ላይ ጎትቺ፤ አረፋው ከወረቀቱ ጋር ተጎትቶ ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። የረጋውን አረፋ ግን ሰሌዳውን አቅልጠሽ ካልሆነ አታጠፊውም። ወይም ገልብጪው፤ የትሪው ወለል ልስልስ ከሆነ ታችኛው ፊት መስተዋት ነው የሚመስለው።

ነገር_አቅላይ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ማማሰል ለምንድነው? በፋብሪካ የተሠራ ሰሌዳ ይሸጣል። አይሻግትም፣ አይቀልጥም፣ ፍሪጅ አይፈልግም። በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ዓመታት ያገለግላል። ከእንስሳት የተገኘ ነገር መንካት የማይፈልግ ሰውም አለ።

የድሮ_ሰው፦

አልቃወምህም። እሱ ግን ጄላቲን አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ነው። ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ነገር ግን መጠኑ ፋብሪካው የወሰነው ነው። የእኔን በክብ ሳህን ባፈሰው ክብ፣ በትልቅ ትሪ ባፈሰው ትልቅ ይሆናል። የእሱ ደግሞ ጥፍር ወይም ቢላ ከነካው እንደተቆረጠ ይኖራል፤ የእኔ ይቀልጣል፣ ይድናል።

ከእንስሳት የሚሸሽ ሰው አጋር የሚባለውን ማርጊያ መሞከሩ አይቀርም። አጋር ከባሕር አልጌ ነው የሚወጣው፣ ቶሎም ይረጋል። ግን አይለጠጥም፣ ሲጫኑት ጠርዙ ይሰነጠቃል። ለእነሱ የፋብሪካው ይሻላል፣ እዚህ ላይ ነገር አቅላይ ልክ ነው።

ሁሌ_እርጥብ፦

የፋብሪካውን የምትገዙ፣ አንጸባራቂ ፊት ያለው ነገር አይጣበቅበት። የፎቶ ወረቀትና የሚያብለጨልጭ ካርቶን ተጭኖበት ከቆየ ሲነሳ የሰሌዳውን ቆዳ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የቤቱም ላይ ያው ነው።

አዲስ_አታሚ፦

ቅጠልና፣ እንዳልከኝ ቀለም ቀንሼ ሁሉንም አዘጋጅቼ ሞከርኩ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው! ወረቀቱ ሙሉ ይወጣል። አሁን ግን ቅጠሉ ጥላ ብቻ ሆነብኝ። ነጭ የቅጠል ቅርጽ፣ በቃ። ሰዎች ውስጡን ሁሉ የሚያሳይ ህትመት እንዴት ነው የሚያወጡት?

ቅጠልና_ቀለም፦

እሰይ! ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ስሜም ቅጠል ነውና ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ቅጠሉ ትኩስ ይሁን፣ ግን ውሃው ትንሽ የወጣ። እንደተቀጠፈ የምታስቀምጪው ወፍራም ቅጠል ሲጫን ጭማቂው ወጥቶ ቀለሙን ያቀጥነዋል። ድርቅ ያለው ደግሞ ይሰባበርና ፍርፋሪው ቀለም ውስጥ ይቀራል። አንድ ሌሊት መጽሐፍ መሀል አስተኚው። ጠዋት ጠፍጣፋ ሆኖ ግን ሲያጥፉት የሚታጠፍ ከሆነ ደርሷል።

ቅጠል ሁለት ፊት አለው። ላይኛው ለስላሳ ነው። ጀርባው ላይ ጅማቶቹ ወጣ ወጣ ብለዋል፤ በጣትሽ ስትዳስሺው ይታወቅሻል። ጀርባውን ወደ ቀለሙ ድፊው።

አሁን ወረቀት ጫኚና አንድ ህትመት አውጪ። ይሄ አንቺ ያገኘሽው ነው፤ ነጭ ቅርጽ፣ ዙሪያው ቀለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰሌዳውን ያጸዳል። ኧረ ቆዪ! ቅጠሉ ገና ሰሌዳው ላይ ነው። ከአገዳው ላይ በወረንጦ ያዢና ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አንሺው። ወደ ጎን እንዳትጎትቺው። ከዚያ ጎንበስ በዪና ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አቅጣጫ እዪው። ዙሪያው ያለው ቀለም ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ሄዷል። ቅጠሉ ሸፍኖት የነበረው ቀለም ግን እዚያው አለ። ጅማቶቹ የተጫኑት ቦታ ላይ ቀለሙ ተገፍቶ ወደ ዳር ሸሽቷል። ትልቁ ጅማት፣ ከእሱ የሚወጡት ትናንሾቹ፣ በእነሱ መሀል ያለው መረብ፣ ሁሉም ተቀርጿል።

ሳይደርቅ ሁለተኛ ወረቀት ጫኚ። የቀረው ቀለም ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያው በርትተሽ ተጫኚ፣ በጣትሽ ጫፍ ጭምር። የሚወጣው እሱ ነው። ተባይ የበላው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል።

ቀጭን ወረቀት ለዚህ ይሻላል። ወደ ጎድጎድ ያለው ቦታ ገብቶ ቀለሙን ያነሳዋል። ለልምምድ ተራ የ80 ግራም የፕሪንተር ወረቀት ይበቃል። ለሚቀመጥ ሥራ ከ120 እስከ 160 ግራም፣ ፊቱ ለስላሳ የሆነ። የውሃ ቀለም ሻካራ ወረቀት ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ዝርዝሩን ይበላዋል።

ሁሌ_እርጥብ፦

👏 የእኔ ምርጫ ሁልጊዜ ሁለተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን እንደ መጥረጊያ ነው የማየው።

ነገር_አቅላይ፦

እኔ በተቃራኒው። ደብዛዛው ሁለተኛ ህትመት የተረፈ ቀለም ነው። ለሰው የሚሰጥ ሥራ አይመስለኝም።

የድሮ_ሰው፦

ነገር አቅላይ፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ደጋ ቢሰማህ ይቀየምሃል። ከ300 በላይ ሞኖታይፕ፣ ማለትም ሰሌዳ ላይ በቀለም ሥሎ ወደ ወረቀት የሚያትመው ሥራ፣ ሠርቷል። የእሱ ሰሌዳ ብረት ነው፣ በማተሚያ ማሽን ነው የሚያወጣው። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ሰሌዳ ሁለት ወረቀት ያወጣ ነበር፤ ሁለተኛው ደብዛዛ ነው። ያን ደብዛዛ ወስዶ በላዩ በፓስቴል፣ እንደ ጠመኔ ባለ ቀለም፣ ይሥልበታል። ከታወቁት የፓስቴል ሥራዎቹ አንዳንዶቹ ከታች እንዲህ ዓይነት ህትመት አላቸው። የተረፈ ቀለም አልከው? ንድፉ ያለቀለት ወረቀት በለው።

ነገር_አቅላይ፦

እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። በላዩ የሚሣልበት ከሆነ ይሁን 😄 ባዶውን ግን አሁንም አልወደውም።

ፎቶ_ወዳድ፦

ጥያቄ አለኝ፣ ከቅጠል ትንሽ ወጣ ይላል። የመጽሔት ፎቶ ወደ ጄላቲን ሰሌዳ አስተላልፈው ሲያትሙ አይቻለሁ። ቤት ሞከርኩ፣ ወረቀቱ ተጣብቆ ቀረ። ከኮምፒውተር ያተምኩት ፎቶ ደግሞ ምንም አልሰጠኝም። ምን ይሁን?

ሁሌ_እርጥብ፦

ፕሪንተርህ ኢንክጄት ከሆነ አይሆንም። ኢንክጄት ቀለሙን ወረቀቱ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ሌዘር ግን ቶነሩን (ደቃቅ የቀለም ዱቄቱን) ወረቀቱ ላይ አቅልጦ ነው የሚለጥፈው። ቶነር ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ ያለበትን አክሪሊክ ይገፋል። ባዶው ወረቀት ደግሞ ይመጠዋል። ዘዴው በሙሉ ይህ ነው።

ጥቁር አክሪሊክ በጣም፣ በጣም ስስ አድርገህ ቀባ። ሰሌዳው በቀለሙ ውስጥ ሊታይህ ይገባል። ፎቶውን ፊቱን ደፍተህ ጫን፣ ቶሎ በመዳፍህ ዳብስና ወዲያው አንሳ። ሰከንዶች ናቸው። የቆየ እንደሆነ ነው የሚጣበቀው። የፎቶው ብሩህ ክፍል ቀለሙን ይዞ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ክፍል ሰሌዳው ላይ ይቀርልሃል። ያ እስኪደርቅ ጠብቅ። ከዚያ ነጭ ወይም ቢጫ ቀባበትና ወረቀት ጭነህ እስኪያያዝ ተወው። ስታነሳው ፎቶው ከነመደቡ ይወጣል።

ጥቁርና ነጩ በደንብ የተለየ ፎቶ ምረጥ። ግራጫ የበዛበት ፎቶ ዝም ብሎ ጭጋግ ነው የሚሆነው። የመጽሔት ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ መጽሔት ይሠራል፣ ሌላው ጨርሶ እምቢ ይላል። የሠራልህን አትጣል።

አዲስ_አታሚ፦

ሁለተኛውን ወረቀት አወጣሁት!! ጅማቱ በሙሉ አለ። ደጋግሜ እያየሁት ነው።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቀጭኑ ቅጠል ጥርት ብሎ ይወጣል። አገዳው ወፍራም የሆነው ግን ዙሪያው ላይ ነጭ ክፍተት አለው፣ ቀለሙ እስከ ቅጠሉ ጫፍ አይደርስም። ጄላቲኑን ጠንካራ እንዲሆን ብዬ አብዝቼው ነበር፣ ከእሱ ጋር ይገናኛል?

የድሮ_ሰው፦

በትክክል ይገናኛል። ያለ ማሽን የምናትመው በምን ሆነና? የብረት ሰሌዳ ሲጫኑት አይጎደጉድም፤ ስለዚህ ከባድ ማሽን ወረቀቱን ወደ ብረቱ ይገፋዋል። ጄላቲን ግን ራሱ ይጎደጉዳል። አንቺ ስትጫኚ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ በዙሪያው ያለው ጄላቲን ተነስቶ ወረቀቱን ይነካል። ማሽንሽ የሰሌዳው ልስላሴ ነው። ሰሌዳው ድርቅ ካለ ቅጠሉ አይሰምጥም፣ ወረቀቱ በቅጠሉ ላይ ድንኳን ይሠራል፣ ከድንኳኑ ሥር ያለው ቀለም ሳይነካ ይቀራል። ነጭ ክፍተትሽ እሱ ነው።

ለውሃው ሰሌዳ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ በ2 የሾርባ ማንኪያ ጄላቲን ይበቃል። ውፍረቱም ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ቀጭን ሰሌዳ የሚሰምጥበት ጥልቀት የለውም። ጄላቲን ሁሉ ደግሞ እኩል አይበረታም። ጉልበቱ በብሉም ይለካል፣ ከ50 እስከ 300 ገደማ ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈ እዪው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ዱቄቱን ቀነስ አድርጊ። የረጋውን በጣትሽ ተጫኚው። ገብቶ ወዲያው ከተመለሰ ልክ ነው። ጣትሽ ካልገባ ውሃ ጨምረሽ መልሰሽ አቅልጪው።

ፀሐይ ላይም አታስቀምጪው። 35 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። የሰውነትሽ ሙቀት እንኳ ይበልጠዋል፤ እጅሽን ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ አታሳርፊበት።

ነገር_አቅላይ፦

ወፍራም አገዳውን በምላጭ ከጀርባው ቀጠን አድርጊው። አለቀ።

ቅጠልና_ቀለም፦

ይሄኛው የነገር አቅላይ ምክር ወርቅ ነው። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።

አዲስ_አታሚ፦

ጋሼ፣ እንግዲያው አሁኑኑ አቅልጬ በግሊሰሪን መልሼ ላፍሰው ነው። አሮጌው ቁርጥራጭ ላይ የደረቀ ቀለም አለበት፣ አብሮ ይቅለጥ?

የድሮ_ሰው፦

መጀመሪያ እጠቢው። የማይለቅ ካለ በሰፊ ቴፕ ለጥፈሽ አንሺው። የተረፈች ቅንጣት ብትኖር ሲቀልጥ በቀጭን ጨርቅ አጥልዪው። የውሃው ጄላቲን የጀመረ ሻጋታ ካለበት ግን አታድኚው፣ ጣዪው።

የቀለጠውን ደግሞ አደራ የእጅ መታጠቢያ ውስጥ እንዳትደፊው። ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይረጋልሻል። ትሪው ላይ አርጊውና ቆራርጠሽ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሪው። ማንኪያውና ድስቱም ከእንግዲህ ለህትመት ብቻ ይሁን፣ ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።